የበዴሳው ቀረጻ

«ድምፁ ያለበት ነገር የለም ወይ?» አሉ አባቷ።

ብሩክታይት ጓዳ ቁጢጥ ብላ የእድሩን ኩባያ እያለቀለቀች ነበር፤ እጇ እውሃው ውስጥ እንደገባ ቀረ። የቤቱ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ስለማይደርስ ሳሎን የሚወራው ሁሉ ጓዳ ይሰማል፣ ጓዳ የሚወራውም ሳሎን፤ በዚህ ቤት ምስጢር ያለው ሰው ወጥቶ እንሰቱ ጥግ ነው የሚቆመው። ወንድሟ ኤርካሎ ከተቀበረ ገና ሳልስቱ ነው። ከቀብሩ ወዲህ አባቷ «አሜን» እና «ተቀመጡ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲወጣቸው አልሰማችም። አሁን አፋቸውን የከፈቱት ደግሞ ስለዚያ ካሜራ ነው፤ ስሙ ሲነሳ ፊታቸውን ስለሚያዞሩበት፣ ኤርካሎ ከጥቂት ወራት ወዲህ ሳሎን ይዞት እንዳያልፍ በጓሮ በር ያስገባው ስለነበረ ዕቃ።

«ጋሼ ጦና፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ገበየው። ገበየው ከመናኸሪያው በላይ ያለው የፎቶ ቤት ባለቤት ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ልብስ እየሰፉ ነው ያሳደጉት፤ ወላይትኛ አሳምሮ ይሰማል፣ ሲያዝን ግን አማርኛ ነው የሚቀናው። «ኤርካሎ ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነው። የስንቱን ሰርግ፣ የስንቱን መዘምራን ቀረጸ፤ እሱ ግን አንዱም ውስጥ የለም። አንዳንዴ ‹ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ› የምትል ድምፅ ትገባለች። እሷንም እኔው ነኝ ኮምፒውተር ላይ ቆርጬ የምጥላት። ደንበኛ አይወድም።»

ውጭ፣ ድንኳኑ ሥር፣ ሴቶቹ ድንች እየላጡ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራሉ፤ ኪሎው ስምንት ብር ገባ፣ አይ አሥር ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም ድንኳኑን አርጥቦት ጠብ ጠብ ይላል። ገበየው ይዞት የመጣው ስኳር ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ለምን እንደመጣ ብሩክታይት ታውቃለች። ካሜራው የገበየው ነው፤ ኤርካሎ እየቀረጸበት ገቢውን ይካፈሉ ነበር። ቅዳሜ ተበላ ከተማ የተዋዋሉት ሰርግ አለ፤ ሙሽራ ደግሞ ካሜራማኑ ሞተ ብሎ ቀን አያዞርም። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ «ካሜራውን ስጡኝ» ማለት አቅቶት፣ ከወንበሩ ብድግ ይልና መልሶ ይቀመጣል። ለቅሶ ቤት ዕቃ መጠየቅ ከባድ ነው።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ አለ» አለች።

አባቷ ጥጉ ላይ፣ ሰው እንዲደገፍበት ከተቀመጠው የሳር ፍራሽ ላይ ነበሩ። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ሽማግሌ ሆነው ያገለገሉ፣ የስንቱን ሐዘንተኛ «እንደ ተስፋ ቢስ አታልቅሱ» ብለው ያጽናኑ ሰው ናቸው። ቀና አሉ።

«የት?»

«በዴሳ። የአጎቴ የቶማ ለቅሶ ጊዜ። ካሜራው ቆመ ብሎ ተሸክሞት ሲሄድ ለካ መቅረጹን አላቆመም ነበር። መንገዱን ሁሉ ቀረጸው። እኔ አላየሁትም፤ እሱ ነው የነገረኝ።»

«በዴሳ» አሉ አባቷ። ጉልበታቸው ላይ የነበረው እጃቸው ሊነሳ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ታላቅ ወንድሟ ሚልክያስ፣ ከገበየው አጠገብ የተቀመጠው፣ አባቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ገበየው መተያየታቸው የምን እንደሆነ ሳይገባው ኮፍያውን እያዟዟረ መሬት መሬት ያያል። ኤርካሎና አባቱ ከበዴሳ ከተመለሱ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። በአንድ ገበታ እየበሉ፣ የበርበሬውን ዳጣ «ለአባባ አቀብይልኝ»፣ «ለወንድምሽ ስጪው» እየተባባሉ በብሩክታይት በኩል ነበር የሚያወሩት። ምን እንደተባባሉ ማንም አልነገራት። እንዲህ እንደሆኑ ነው ኤርካሎ የአንድ ሰርግ ሲዲ ሊያደርስ ተበላ ሄዶ፣ ሲመለስ የተሳፈረበት ሞተር ሳይክል ከጭነት መኪና ሥር የገባው።

«አምጪው» አሉ አባቷ በመጨረሻ። «ልስማው።»

መብራት ግን ከትናንት ጀምሮ የለም፤ በኮምፒውተር መገልበጥ አይቻልም። ገበየው ጊዜ ያገኘ መሰለው። «እንግዲያው እንዲህ እናድርግ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እናንተው ጋ ይቆይ። ከዚያ እኔ እወስደውና መብራት ሲመጣ ያቺን በሲዲ ገልብጬ አመጣላችኋለሁ። ካርዱን ግን ለቅዳሜ ባዶ ማድረግ አለብኝ። እንዳይጠፋ የተቆለፈ ክሊፕ ቢኖርም፣ ካርድ ሲታጠብ አብሮ ነው የሚታጠበው» አለ። ይህን ያለው ለብሩክታይት ነው፤ በዚህ ቤት የካሜራ ነገር የሚገባት እሷ መሆኗን ያውቃል። መዋዕለ ሕፃናት ከምታስተምርበት ስትመለስ፣ ከኤርካሎ ጋር እየተቀመጠች ነው የሰርግ ክሊፕ ስትለይ፣ የማይረባውን ስታጠፋ የኖረችው።

የኤርካሎ ክፍል ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጎን ያለችው አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት። በሩ ሲከፈት እሱ የሚቀባው የፀጉር ቅባት ሽታ መጣባት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ግድግዳው ላይ የመዘምራን የቀን መቁጠሪያ፣ ከሥሩ የማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ የሚስቁባቸው ናሙና ፎቶዎች፤ የራሱ የለም። ለቀብሩ ፕሮግራም ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው መታወቂያው ላይ ያለችው ብቻ ናት፤ ገበየው ጎትቶ ሲያሳድጋት ፊቱ ሰፍቶ የሌላ ሰው መሰለ። ያችኑ ነው ድንኳኑ ምሰሶ ላይ የሰቀሏት።

ካሜራውን ከቦርሳው አውጥታ ልታበራው ሞከረች። አዝራሮቹን ብትነካ ብትነካ አልታዘዝ አሉ። ከዚያ ትዝ አላት። ከጎኑ ያለችው ትንሽ መወርወሪያ ወደ ኋላ ተስባለች። ኤርካሎ ልማዱ ነበር፤ ሰው የሚጋፋበት ቦታ ሲቀርጽ፣ ክርን ነክቶት እንዳይቆምበት፣ መቅረጽ ሲጀምር መወርወሪያዋን ይዘጋታል። ያኔ አዝራሮቹ በሙሉ ይታሰራሉ፤ ማብራት ማጥፋቱም፣ ቀዩ የመቅረጫ አዝራርም። ዕቃውን ሲያስቀምጥም እንዲሁ ይዘጋታል። «ካሜራና ዶሮ ሳትዘጊ አይታደርም» ይላት ነበር። በዴሳ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ለቅሶው ሲያበቃ ቀዩን ተጫነ፤ መወርወሪያዋ መዘጋቷን ረስቶ ነበርና ካሜራው አልሰማውም። እሱ ቆመ ብሎ ማንገቻውን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ካሜራው መቅረጹን ቀጠለ። ያን ቀን ማታ ሲነግራት እየሳቀ ነበር የጀመረው። «ሳሩን፣ ጫማዬን፣ ሁሉን ቀድቶት መጥቷል» አለ። «እስቲ አሳየኝ» ስትለው ግን ሳቁ ቆመ። «ተያት። ቆልፌያታለሁ» አለ። ሲተኛ ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

መወርወሪያዋን ገፍታ አበራችው። የክሊፖቹ ትናንሽ ምስሎች ተደረደሩ፤ ሙሽሮች፣ መዘምራን፣ የአንድ ትምህርት ቤት ምረቃ። ከሁሉም አንዷ ላይ ብቻ የጓጉንቸር ምልክት አለባት። የባትሪው ምልክት አንዲት ቁራጭ ቀርታለች። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋ ሥር ይዛ ከፈተችው።

የበዴሳው ሜዳ መጣ። ከየመንደሩ የመጡት ወንዶች ደረታቸውን እየመቱ ይዞራሉ፤ የአጎቷን በቅሎ ኮርቻዋን አዙረው ጭነው ከፊት ይስቧታል። ቶማ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብሎ በአሮጌው ልማድ የኖረ፣ እንደኖረም የተቀበረ ሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በአንድ ወገን ቆመው መዝሙር ይዘዋል፤ አባቷ ከፊታቸው፣ በኮት፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደታቀፉ። ደግሞ ብዙም ሳይቆይ፣ በቅሎዋ በአጠገባቸው ስታልፍ፣ መጽሐፉን ለሰው ሰጡና ሜዳው መሃል ገቡ። ደረታቸውን መቱ። ወንድማቸውን በልጅነት ስሙ እየጠሩ፣ እንደ ጥንቱ እየፎከሩ፣ መሬት ላይ ወደቁ። ብሩክታይት አባቷን እንዲህ ሆነው አይታ አታውቅም። እናቷ ስትሞት እንኳ ቆመው ነው የጸለዩት። ከወደቁበት ሲነሱ፣ አፈሩን ሳያራግፉ፣ ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ካሜራው ላይ አረፈ። ያቺን አስተያየት ስታይ የነገሩ ሥር ገባት።

ከዚያ ምስሉ ዘመመ። ሰማይ፣ ቅጠል፣ ከዚያ ሳርና የኤርካሎ ጫማ። ቀኝ ጫማው ማሰሪያው ተፈትቷል። ያንጎራጉራል፤ ዜማ ሳይሆን እንዲያው እም እም እያለ። ትንፋሹ ይሰማል። ሰላም የሚሉትን «ሳሮ፣ ሳሮ» እያለ ያልፋል። አንዲት የሸንኮራ ሻጭ ቀሚስ ጫፍ ታየ።

«ሁለት ብር? ሸንኮራ ነው ወይስ የሸንኮራ ልጅ?» ይላል ኤርካሎ።

«ጥርስ ካለህ ግዛ፤ ከሌለህ መንገድ አትዝጋ።»

«ጥርስ አለኝ፤ ሁለት ብር ነው የሌለኝ።»

ሴትየዋ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ሸንኮራው ሲሰበር፣ ሲላጥ፣ ሲታኘክ ተሰማ። ብሩክታይት አፏን በእጇ አፈነች። ሳቁ እንዲህ ከሆዱ እንደነበር በነዚህ ቀናት ውስጥ መርሳት ጀምራ ነበር።

እየታኘከ ሳለ ሌላ ጫማ መጥቶ ፊት ለፊት ቆመ። ጥቁር፣ አቧራ የያዘ፣ የአባቷ የእሑድ ጫማ። ንግግሩ በወላይትኛ ነው፤ በወላይትኛ ደግሞ የአባት ቃል ይከብዳል።

«አጥፋው።»

«ምኑን አባባ?»

«እኔን። እዚያ ውስጥ የከተትከውን እኔን አጥፋው። ነገ ምእመኑ ፊት ምን ብዬ ነው የምቆመው?»

«ለማንም አይታይም። የአጎቴ ልጅ ነው ያስቀረጸው። ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ አባቱን መቅበር አልቻለም፤ ማን እንዳለቀሰለት እንኳ ይይ።»

«አጥፋው አልኩህ።»

«ወንድም ለወንድሙ ማልቀሱ ምን ነውር አለው? አላጠፋም፣ አባባ።»

ነፋሱ ድምፅ ማስገቢያው ላይ ይገረፋል።

«እንግዲያው እኔም ስሞት እንዳትቀብረኝ። አፈሬን እንዳትነካ።»

ብሩክታይት ጣቷ ሳታስበው ተጫነና ምስሉ ቆመ። ማያው ላይ ጥቁሩ ጫማ ለመዞር ተረከዙን አንስቶ ደርቆ ቀረ። ከሥሩ ያለችው መስመር ገና የሚቀር እንዳለ ታሳያለች። ባትሪው ቀይ ሆኖ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ።

እንዳትቀብረኝ። በቀብሩ ዕለት አባቷ አካፋውን ከወጣቶቹ እጅ ነጥቀው፣ «ይተዉ፣ ጋሼ፣ እኛ አለን» ሲባሉ ሳይሰሙ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው አፈር ሲያለብሱ አይታለች። የሐዘን ጉልበት መስሏት ነበር።

ሚልክያስ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው። ያየችውን ነገረችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱን አሻሸ።

«ገምቼ ነበር» አለ። «‹በዴሳ› ስትዪ መልካቸው ሲለወጥ አላየሽም? ይህን ከሰሙ አለቀላቸው። የአባት ቃል መሬት አይወድቅም ሲባል ነው ያደጉት። ቃሌ ነው የገደለው ብለው አልጋ ይይዛሉ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የለም ልበላቸው?»

«አለ ብለሻቸዋል እኮ። ካሜራው ይቆርጥ የለ? ሸንኮራው ጋ ቁረጪና የቀረውን አጥፊው። ገበየው በሲዲ ገልብጦ ሲያመጣው ዘመድ ሁሉ ነው የሚቀባበለው፤ ከዚያ ወዲያ የሚይዘው የለም።»

«ኤርካሎ ቆልፎታል።»

«ሙት የቆለፈውን ቋሚ ይከፍታል፣ ብሩክቴ።»

ካሜራውን ጭኗ ላይ አደረገችው። ስለ ካሜራው ሳይሆን ስለ ወንድሟ ነው የምታስበው። ሰው የተረገመበትን ለምን ይቆልፋል? ቂም ይዞ ነው? አንድ ቀን አውጥቶ «ይኸው ያሉኝ» ሊል? ኤርካሎ ግን ቂም የሚያድርበት ሰው አልነበረም፤ የሰደበውን ሰው ስም እንኳ እስከ ምሳ ይረሳል።

«የቀረውን እንስማው?» አለች።

«ምን ቀረ? ጫማው ዞረ፣ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሳር ነው። ባትሪውን በሳር ጨርሰሽ አባባ ፊት ቢጠፋብሽስ?»

እውነት መሰላት። የጓጉንቸሩን ምልክት አነሳችው፤ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነበር። ሸንኮራው ከሚታኘክበትና ጥቁሩ ጫማ ከሚመጣበት መሃል ፈልጋ ቆረጠችው። አንዱ ሁለት ሆነ። የሁለተኛው ምስል የአባቷ ጫማ ነው። ማጥፋት የሚለውን መረጠች፤ ካሜራው በእንግሊዝኛ ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አዎ አለችው። ምስሏ ከሰልፉ ወጣች፣ ከኋላ ያሉት ተጠጋግተው ቦታዋን ያዙ። ሚልክያስ ትከሻዋን ነካ አድርጓት ወጣ። ወዲያው ባትሪው አለቀ።

ባትሪውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ከተማ ወረደች። ለቅሶ ቤት ያለች ሴት በሳልስት መውጣቷ ደስ አይልም፤ ግን የሚያውቁት ሲያልፉ አንገታቸውን እየሰበሩ አለፏት እንጂ የጠየቃት የለም። የባጃጁ ልጅ ጥቁር ልብሷን አይቶ ሙዚቃውን ዘጋና ብሯን አልቀበልም አለ። ጄኔሬተር ያለው አንድ ፀጉር ቤት ነው፤ በረንዳው ላይ ሞባይሎች እንደ ተልባ ተሰጥተዋል። ለሞባይል ሁለት ብር፣ ለባትሪዋ አምስት ተባለች። «ይቺ ታላቅ ነች፣ ብዙ ትጠጣለች» አለ ፀጉር ቆራጩ። ወረፋ የያዙት ሰዎች መብራቱን ይቦጭቃሉ። አንዱ «ሬዲዮ ላይ ለጎረቤት አገር ልንሸጠው ነው ሲሉ ሰማሁ» ይላል። ሌላው «ተሸጦ ነዋ የጠፋው» ይለዋል። ሦስተኛው ፊቱ ግማሹ አረፋ፣ ግማሹ የተላጨ ሆኖ «አታስቁኝ፣ ምላጭ ነው አንገቴ ላይ ያለው» አለ። እሷ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጄኔሬተሩን ጩኸት ሰማች። ባትሪው ቀስ በቀስ እየሞላ ነው። ቁጭ ብላ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ባሰበች ቁጥር የምትመለስበት ሐሳብ። መጀመሪያ ባትሪውን ሞልታ፣ ኋላ ሁሉንም ሰምታ፣ ከዚያ ማጥፋት ትችል ነበር። ምን አስቸኮላት? ሐሳቡን ገፋችው። ሳር ነው፣ አለች ለራሷ።

ስትመለስ ድንኳኑ ሳስቷል። ከሰዓት በኋላ ጸሎት ያደረጉት ሄደዋል፤ ሴቶቹ የተረፈውን ቆጮ በእንሰት ቅጠል እየሸፈኑ ነው። ገበየው ቀድሟት መጥቶ በረንዳ ላይ ይጠብቃል። አባቷ ጥጋቸውን አልለቀቁም። አጠገባቸው ተቀመጠችና ትንሿን ማያ ወደሳቸው አዞረች፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ሚልክያስ ከኋላቸው ቆመ።

ሜዳው ሲመጣ ልታሳልፍላቸው ፈልጋ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አሉ።

ራሳቸውን ሲወድቁ፣ ሲንከባለሉ አዩ። ፊታቸውን አላዞሩም። «ቶማ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ዝም። ምስሉ ሲዘምምና ጫማው ሲመጣ ተጠጉ። እም እም የሚለው ሲሰማ ጆሯቸውን ካሜራው ላይ ሊያስነኩት ደረሱ። «ጥርስ አለኝ፤ ሁለት ብር ነው የሌለኝ» ሲል ከንፈራቸው በአንድ ወገን ተነሳ፤ እንባቸውም በዚያው ወገን ወረደ። ብሩክታይት ደህና እንዳደረገች ለመጀመሪያ ጊዜ አመነች። ሸንኮራው ተላጠ፣ ታኘከ። ማያው ጠቆረ።

አባቷ አልተንቀሳቀሱም። እንደተጠጉ ቆዩ።

«ቀጥሎስ?»

«አለቀ፣ አባባ።»

«አላለቀም» አሉ። «ከዚህ ቀጥሎ እኔ እመጣለሁ።»

ዓይናቸውን ከጠቆረው ማያ ላይ አላነሱም።

«መጣሁና አጥፋው አልኩት። እምቢ አለኝ። ከዚያ... የማይባል ነገር አልኩት። ያልኩትን አውቀዋለሁ፤ ሌት ተቀን ይሰማኛል፤ እሱን ለመስማት ካሜራ አልፈልግም።» እጃቸውን ወደ ማያው አነሱ፤ ሳይነኩት መለሱት። «ብዬው ዞርኩ። ስሄድ ከኋላዬ አንድ ነገር ተናገረ። ረዘም ያለ ነገር ነው። ነፋስ ነበረ፣ አልሰማሁትም። ምን አልክ ብዬ ልዞር አልኩ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱም ይጠይቀኛል ብሎ ሲጠብቅ...» አልጨረሱትም። «ዛሬ ‹አንድ አለ› ስትዪኝ፣ እኔ ባልሰማው ካሜራው ሰምቶታል ብዬ ነበር።»

ብሩክታይት ተረከዙን አንስቶ የደረቀው ጫማ መጣባት። ከሥሩ ያለችው፣ ገና ብዙ የሚቀራት መስመር። ሚልክያስን ቀና ብላ አየችው። ሚልክያስ ግድግዳውን ያያል።

«አጠፋሽው?» አሉ አባቷ።

«ለእርስዎ ብዬ...»

«ምን አለ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«አልሰማሁትም፣ አባባ። ሳልሰማው ነው።»

ቁጣ ብትጠብቅ ቁጣ አልመጣም፤ ቢመጣ ይሻላት ነበር። «ያኔ አጥፋው ብለው እምቢ አለኝ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ለማንም ሳይሆን። «ዛሬ ሳልል ጠፋ።» ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ ጣል አደረጉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን እንደሚባርኩት። «ለእኔ ብለሽ ነው። አውቃለሁ።»

ካሜራውን ይዛ በረንዳ ወጣችና ገበየውን በሹክሹክታ ጠየቀችው። «የጠፋ ይመለሳል?»

ገበየው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። «ከላዩ ላይ ሌላ ካልተቀረጸበት አዲስ አበባ የሚሞክሩ አሉ ይላሉ። እኔ ተመልሶ ያየሁት የለም፣ እህቴ። አልዋሽሽም።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ካርዱን ያዥው። ለቅዳሜ ሌላ እፈልጋለሁ» አለ። ያን ያለው እንደሚመለስ ተስፋ ኖሮት አልነበረም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ካሜራውን ልትሰጠው ስትል አባቷ ከውስጥ ተጣሩ።

«ብሩክታይት። ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።»

ተመልሳ ገባች። ደገመችላቸው። ሜዳው፣ በቅሎዋ፣ ሳሩ፣ የተፈታው ማሰሪያ፣ ሸንኮራው። ማያው ሲጠቁር አባቷ እንደ መጀመሪያው ጆሯቸውን አስጠግተው ቀሩ፤ ካለቀ በኋላም፣ ምንም በሌለበት፣ ነፋስ ውስጥ የሰው ቃል እንደሚለይ ሰው ቅንድባቸውን ሰብስበው አዳመጡ። እሷም እስኪበቃቸው ጠበቀች። ሲበቃቸው ክሊፗ ላይ የጓጉንቸሩን ምልክት መለሰችባት፤ ካርዱን አውጥታ በመሐረብ ቋጠረችው። ከዚያ እንደ ኤርካሎ ልማድ መወርወሪያዋን ዘጋችና፣ አንድም አዝራር እንደማይታዘዝ በጣቷ አረጋግጣ፣ ካሜራውን ለገበየው ሰጠችው።